ጨዋዋ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ከረማችሁ? አንቺስ፣ ባለቤትሽስ፣ ያቺ ትንሿስ? የፊት ጥርሷ ወልቋል ብለሽኝ ነበር፤ በቀለላት ወይ? ያ ራስ ምታትሽስ ተወሽ ወይስ አሁንም ሻሽ አስረሽ ነው የምትውይው? እኔ እንግዲህ አለሁ። የደብዳቤ ወጉ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ ብዬ ባልፍ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ከናፍቆትሽ ሌላም ያለብኝ ነገር አለ፤ እሱን ልጽፍልሽ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። ዓይኔ የበያጅ ዓይን መሆኑን ታውቂያለሽ፤ አሁን ደግሞ ቀኝ እጄ ከአውራ ጣቴ እስከ አንጓዬ በፋሻ ተጠቅልሏል። አይዞሽ፣ ብረት አይደለም የቆረጠኝ። የድመት ጥፍር ነው። እሱንም ኋላ እደርስበታለሁ።

ባለፈው ደብዳቤዬ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቷን ላኪልኝ፣ ሳላውቃት ልሞት ነው ወይ ብዬሽ ነበር። አንቺም በሁለት መስመር መለስሽልኝ። «አባዬ፣ ልጄ ጨዋ አይደለችም። ያስቸግርዎታል» አልሽኝ። እኔ ሞኙ ሳቅኩ። ትሕትና መሰለኝ። የራሷን ልጅ ማመስገን አፍራ ነው፣ ደግ አደረገች፣ ያሳደጋት ማን ሆነና ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ወዲያው ብዕሬን አንስቼ «ላኪያት ብቻ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዳንቺ ጨዋ አድርጌ እመልስልሻለሁ» ብዬ ጻፍኩልሽ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። አምስት ወር ሊሞላ ነው። ደብዳቤዬን ጥለህብኝ ነው ብዬ ፖስተኛውን ልደባደበው ምንም አልቀረኝም፤ ምስኪኑ ሰውዬ አሁን በእኔ በር ሲያልፍ እየሮጠ ነው።

ወደ ድመቷ ልምጣ። «ድመት? አባዬ?» ብለሽ ዓይንሽን ስታፈጥጪ ይታየኛል። እውነትሽን ነው። ያኔ ከመንገድ አንስተሽ በሹራብሽ ደብቀሽ ያመጣሻትን የድመት ግልገል ምን እንዳደረግኳት እኔም አልረሳሁም፣ አንቺም አልረሳሽም። ይለፈኝ።

ነገሩ የመጣው በሥራዬ በኩል ነው። የዓይን ሐኪሙ ብየዳ በቃህ ካለኝ ወዲህ የብረት በር መሥራት ትቻለሁ፤ እጄ ግን አርፎ አይቀመጥም። ሽቦ እየቆረጥኩ፣ እያጠፍኩ የዶሮ ቤት፣ የወፍ ቤት ምን ምን እሠራለሁ። ከሰፈራችን ወረድ ብሎ ባለቤት የሌላቸውን ውሾችና ድመቶች የሚያክሙበት ግቢ አለ። የዚያ ግቢ የእንስሳት ሐኪም አሥር የድመት ወጥመድ አዘዘችኝ። ወጥመድ ስልሽ የሚገድል አይደለም፤ ድመቷ ምግብ ብላ ስትገባ መዝጊያው ከኋላዋ ወደቅ የሚልባት የሽቦ ሣጥን ነው። ሠራሁላት። ልትረከብ ስትመጣ ክፍሎቼን ዞር ዞር ብላ አየች። ውሻ የለ፣ ሕፃን የለ፣ ሬዲዮ እንኳ የለ። አባባ፣ ቤትዎ እንዴት ጸጥ ያለ ነው አለችኝ። ቤቴማ ድሮም ጸጥ ያለ ነው አልኳት፣ እየኮራሁ። በሦስተኛው ቀን በራሴው ወጥመድ አራት የድመት ግልገሎች ይዛ ከች አለች።

እናታቸውን መኪና ገጭቷታል። የተወለዱበት አሮጌ መጋዘን ሊፈርስ ነው። ሐኪሟ ጥርሳቸውን አይታ ሰባት ሳምንት ሆኗቸዋል አለች፤ ከዚያም ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የሰው እጅ ሳያውቅ የተወለደ ግልገል የሚለምድበት ጊዜ አጭር ነው፤ አሥራ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሰው ለእሱ አውሬ ሆኖ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያልለመደውን ወደተያዘበት ይመልሱታል። እነዚህ ግን መመለሻ የላቸውም። የለመደውን ሰው ወስዶ ያሳድገዋል አለችኝ። ያልለመደውስ? አልኳት። የሞት መርፌ፣ አለችኝ፤ ምንም ሳትሸፋፍን። አምስት ሳምንት አለኝ ማለት ነው። ምን በወጣኝ ብዬ እምቢ ልል ስል አንደኛው በሽቦው መሃል እጁን ሰዶ እጅጌዬን ጨምድዶ ያዘኝ። እሺ ብዬ ቀረሁ።

በየሳምንቱ የምሞላው ወረቀትም ሰጠችኝ። ሰው ሲያይ ይጮኻል ወይ? ሰው ፊት ይበላል ወይ? ሲነኩት ይቧጭራል ወይ? ከታች «ጠባይ» የሚል ባዶ ቦታ አለው፤ እሱን በራሴ ቃል እጽፍበታለሁ። ይህን ወረቀት ልብ በይልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እሱ ላይ ነው።

ስም አወጣሁላቸው። ወንበዴው፣ ሆዳሙ፣ አልቃሻዋ። ሦስቱም ጉዶች ናቸው። የግቢዬን በር ስከፍት (ያ መቀርቀሪያ እንዴት እንደሚያንቋርር ታውቂያለሽ፤ ሌባ ይስማው ብዬ ሆን ብዬ ነው እንደዚያ የሠራሁት) ጸጉራቸውን አቁመው፣ ምራቃቸውን እየተፉ ይጮኹብኛል። የብየዳ ጓንቴን አጥልቄ እጄን ስሰድ ወንበዴው ጓንቱን ነክሶ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አራተኛዋ ግን ሌላ ናት። አመድማ ናት፤ አገጯ ላይ ብቻ ነጭ ጠብ ብሎባታል። አትጮኽም። አትቧጭርም። ጥጓን ይዛ ቁጭ ትላለች። ሳነሳት ትነሳለች፤ ሳስቀምጣት ያስቀመጥኳት ቦታ ላይ ትቆያለች። እሷን ጨዋዋ አልኳት።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ጎረቤት በመጣ ቁጥር እሷን አንስቼ ነው የማሳየው። ልክ እንደ ልጄ እያልኩ። አንቺ እኮ ገና በአራት ዓመትሽ «እርስዎ» ነበር የምትይኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ልጆች አባታቸውን አንተ እያሉ ትከሻው ላይ ሲወጡ፣ አንቺ እጅሽን አጣምረሽ፣ ግድግዳውን ተጠግተሽ ትቆሚያለሽ። ብየዳ ቤት ስንቀመጥ፣ እኔ ቤት ልጅ መኖሩን ጎረቤት አያውቅም እያልኩ እፎክር ነበር። ሰዉም እንዴት ቢያሳድጋት ነው እያለ ያደንቀኝ ነበር። አፈር ስሆን፣ አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ የዚያ ኩራት ትራፊ ከውስጤ አልወጣም።

ሐኪሟ ማላመዱን እንዲህ ብላ አስተማረችኝ። መሬት ላይ ይቀመጡ። ጀርባዎን ይስጧቸው። ዓይን ለዓይን አይዩዋቸው፤ ማፍጠጥ ለእነሱ ዱላ ነው። የተፈጨ ሥጋ በረጅም ማንኪያ ወደኋላ ይዘርጉላቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ ያውሩላቸው፤ ምን እንደሚያወሩ ግድ የለም። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ጓንቱን ያውልቁ። ከእርስዎ ሌላ ሰውም ይንካቸው። ሰው ቢያየኝ በሳቅ በፈረሰ! በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብዬ ለግድግዳ የጥንት ሥራዬን ሳወራ። የስንቱን ሀብታም በር እንደሠራሁ፣ የትኛው እንዳጭበረበረኝ፣ የትኛው መቀርቀሪያ እንዳስቸገረኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ ማውራት ራሱ ሥራ ሆነብኝ፤ አርባ ዓመት ብረት ሲቆረጥ ከድምፁ በላይ እየጮህኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጓንቱን ግን አላወለቅኩም። መቧጨር ፈራሁ። እኔ!

በሁለተኛው ሳምንት ወንበዴው እየፎከረ መጥቶ ማንኪያውን ላሰ። በሦስተኛው ሆዳሙ ጫማዬ ላይ ተኛ። አልቃሻዋ እያለቀሰች፣ እየረገመችኝ ጭኔ ላይ ወጣች፣ ከዚያ አልወርድም አለች። በአራተኛው ሳምንት ሦስቱም መጋረጃዬን ቀደው ሲጨርሱ ተቆጣሁና አንድ ጊዜ ጮህኩባቸው፤ ወንበዴው መልሶ ጮኸብኝ! ዞር ብዬ ሳቅኩ። ሦስቱንም ሰው ወሰዳቸው። አንዷን ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ፀጉር አስተካካዩና ሚስቱ።

ጨዋዋን ግን ማንም አላላመዳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ረሳኋት። የሚጮኸው ሥጋ ሲሰጠው፣ የሚቧጭረው ሲባበል፣ እሷ ምን ጎደላት? ጨዋ ናት። በቀን አንዴ በጓንቴ አነሳታለሁ፣ ጀርባዋን አሻሻለሁ፣ አስቀምጣታለሁ፣ በቃ። ፊቴ ግን በልታ አታውቅም። ሰሃኑን አስቀምጬ ወጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ስመለስ ነው ባዶውን የማገኘው። ወረቀቱ «ሰው ፊት ይበላል ወይ?» ሲለኝ እጄ ትንሽ ቆመች። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ደርሷል። መርፌዋ ታየችኝ። ዓይን አፋር ሆና ነው እንጂ ምን አላት ብዬ «አዎ» አልኩ። «ጠባይ» የሚለው ላይ በትልልቅ ፊደል «ጨዋ ናት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሐኪሟ አርባ ምናምን በሽተኛ እንስሳ ያለባት ሴት ናት። መጥታ በጓንቴ ሳነሳት አየች። አገላብጣ አይታት፣ እውነት ፊትዎ ትበላለች አባባ? አለችኝ። ከእጄ ነው እንጂ የምትበላው አልኳት። አመነችኝ። ሽማግሌ ይዋሻል ብላ አልጠረጠረችም።

የወሰዳት ልብስ ሰፊ ነው። ከሚስቱና ከአምስት ዓመት ልጁ ጋር በአንድ ክፍል ነው የሚኖሩት፤ መስፊያ መኪናውም እዚያው ነው። ጸጥ ያለች ድመት ነው የምንፈልገው አለ፤ ልጅቷ ስትስማት፣ ስታቅፋት ዝም የምትል። እንግዲያው መርቄ ሰጠሁህ አልኩት። ሦስት ቀን አልጋ ሥር ተቀመጠች አሉ። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ጎትታ አወጣቻትና ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። ያን ጊዜ አባቷ መስፊያ መኪናውን አስነሳ። አምስት ሳምንት ሙሉ በውስጧ የቆየው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። የልጅቷን ጉንጭ ከዓይኗ ሥር እስከ ከንፈሯ ተለተለችው፤ እጇን እስከ አጥንቱ ነከሰችው።

ልብስ ሰፊው ድመቷን በካርቶን ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አባባ፣ ጨዋ ናት ብለው ፈርመው ነበር እኮ፣ አለኝ። ካርቶኑን እጄ ላይ ትቶ ሄደ።

በማግሥቱ ልጅቷን ልጠይቅ ሄድኩ። ፊቷ ተሰፍቷል፤ ገና የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ ይቀራታል። እኔን ስታይ ድመቷን ያመጣሁባት መስሏት ጣራ የሚነቅል ጩኸት ለቀቀች። ደነገጥኩ። አባቷን አየሁት፤ አሁን ዝም በይ ሊላት ነው፣ ሽማግሌ ፊት አታሳፍሪኝ ሊላት ነው ብዬ ጠበቅኩ። አነሳትና ትከሻው ላይ አስተኛት። ጩኺ፣ ይውጣልሽ፣ እሺ፣ ጩኺ እያለ ክፍሉን ይዟት ዞረ። ቆሜ አየሁት፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ይዤሽ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። መንገድ ሙሉ እስከ ቤቴ ሞከርኩ።

ሐኪሟ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። የነከሰ እንስሳ የእብደት በሽታ እንደሌለበት እስኪታይ አሥር ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ለዚህች መርፌ ነው፤ የሚወስዳት የለም አለችኝ። ከዚያ ጓንቱን አስወለቀችኝና ድመቷን ባዶ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጨዋዋ እንደ ልማዷ ዝም። ጣቶቼ ግን ደረቷ ሥር ገቡና ልቧን አገኙት። ልጄ፣ ያ ልብ የልብስ ሰፊው መኪና ነው! ሰውነቷ ከላይ እንጨት ሆኖ፣ ከውስጥ እንደዚያ ይመታል። አምስት ሳምንት በጓንት ሳነሳት እንዲህ ሲመታ ነበር ማለት ነው። ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ። ድመት ስትፈራ ሁለት ዓይነት ናት አባባ፤ አንዷ ትጮኻለች፣ አንዷ ትደርቃለች። የምትጮኸው ቢያንስ እሰማ ይሆናል የሚል ተስፋ አላት። የምትደርቀው ጩኸት እንደማያድናት የገባት ናት። ይሄ ጨዋነት አይደለም፣ አለችኝ።

አሥሩን ቀን እኔ ጋ ትቆይ ብዬ ለመንኳት። ፈቀደችልኝ። የግቢውን በር ማጠፊያ ግራሶ ቀባሁት፣ መቀርቀሪያውን በጨርቅ ጠቀለልኩት። ጫማዬን አውልቄ መሄድ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ከሽቦ ሣጥኗ ላወጣት ከፍቼ ዞር ስል ተፈተለከችና መኝታ ቤት፣ ከብረቱ ቁም ሣጥን ጀርባ ገባች። ያን ቁም ሣጥን ራሴ በይጄ ያቆምኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው። በምሰሶው ምክንያት ከግድግዳው ጋር አልገጥም ብሎ ከኋላው ክፍተት ቀርቶበታል፤ ልጅ ወይም ቀጭን ሰው በጎን ካልሆነ አይገባበትም። እኔ ገብቼበት አላውቅም። ምን ልሠራ? ሁለት ቀን ሙሉ አልወጣ ስትል በብረት ዘንግ ፈንቅዬ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ገፍቼ ከቦታው አነሳሁት።

ድመቷ ጥጉ ላይ ናት። ሥሯ ታጥፎ የተነጠፈ ብርድ ልብስ አለ። ቀዩ ብርድ ልብስ። ያ የጠፋ ጊዜ በዚህ ቤት ያስነሳሁትን ጉድ ታስታውሻለሽ፤ ማን ሰረቀ፣ ማን ሸጠ ብዬ። ብል በልቶታል፤ ቀለሙ ግን ያው ነው። ከጎኑ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ አለ። ከሱ በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት የወዛ ምልክት አለ፤ ክብ፣ የሰው ራስ ለረጅም ጊዜ ተደግፎት የፀጉር ቅባት የጠጣ ኖራ። ሜትሬን አወጣሁ። ልማድ ነው፤ ምን ላድርግ፣ ያልለካሁትን ነገር አላምንም። ታችኛው ከመሬት ሃምሳ ስምንት ሳንቲም ነው። ላይኛው ሰማንያ ሦስት።

ታችኛው ያንቺ ነው። የላይኛውን ባለቤት አልጠይቅሽም።

ያ የእናትሽ የመጨረሻ ሕመም ሰውን እንደሚያስጮኽ ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጮኸችም። እኔም ለቀብር ለመጣው ሰው ሁሉ፣ እስክትሞት ድረስ ጨዋ ነበረች እያልኩ አለቀስኩ።

ብርድ ልብሱ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁም ሣጥኑን ስላነሳሁት ሰፍቶልኝ ነው። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ፣ ራሴን ከሁለቱ ምልክት በላይ አድርጌ። ጨዋዋ ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ናት፤ አልዞርኩባትም። እዚያ ቦታ ተቀምጦ ምን እንደሚሰማ ታውቂያለሽ፤ እኔ ነኝ ያላወቅኩት። ሌላው ድምፅ ሁሉ ታፍኖ፣ የግቢው በር ብቻ ነው ጥርት ብሎ የሚመጣው። ሐኪሟ ልታያት የመጣች ሰዓት እዚያው ነበርኩ። ጨርቁ ወልቆ ኖሮ መቀርቀሪያው አንቋረረ። ድመቷ ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። በገዛ በሬ፣ በገዛ እጄ በሠራሁት መቀርቀሪያ! ሐኪሟ ገብታ ሽማግሌና ድመት አንድ ጥግ ተኮራምተው አገኘች። እሷም ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነበርኩ። የማወራላት የበር ወሬ አልነበረም። ማንን እንደማወራ ለእኔም ግልጽ አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን ማንኪያውን ወደኋላ ስዘረጋ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። «ህስስ!» አለችኝ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ጸጉሯ ቆሟል፣ ጥርሷ ወጥቷል፣ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። ዞር በልልኝ ነው የምትለኝ። ተቆጣችኝ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ሮጬ ሄጄ ለሐኪሟ ነገርኳት። ጮኸችብኝ፣ ተስፋ አላት፣ እንዳትነኪብኝ አልኳት። ሐኪሟ እጄን ያዘችና፣ አባባ፣ ይህን በሰባተኛው ሳምንት ጽፈውልኝ ቢሆን ኖሮ አለችኝ። አልጨረሰችውም። አሁን ዕድሜዋ አልፏል። ልጅ ነክሳለች። ልብስ ሰፊው ከሷል። የእኔ ቤት ብቻ ትኑር ብላት፣ እርስዎ ሲሞቱ ማን ይቀበላታል አለችኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በአሥረኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ መጣች። ማን ይያዛት ስትል እኔ አልኩ። ጓንቱን ልታቀብለኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ባዶ እጄን ሰድጄ ከጥጓ አወጣኋት። ይህን ጊዜ አልደረቀችም። ጮኸች፤ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች። አውራ ጣቴን ነከሰች፣ እጄን እስከ አንጓዬ ቀደደችው። ጩኺ አልኳት። ጩኺ፣ ይውጣልሽ፣ ጩኺ። በዚህ ቤት ውስጥ ዝም ካሉት ሁሉ እኔ ላይ የጮኸች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። መርፌው ሲገባ ጥፍሯ ገና እጄ ውስጥ ነበር። ጓሮ፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ድመትሽን አንቺና እናትሽ ከቀበራችሁበት አጠገብ ቀበርኳት። ቦታውን እንደማውቅ አታውቂም ነበር። አውቃለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ አንድ ነገር ነው። ልጅቷን ላኪልኝ ያልኩሽን ተዪው። አትላኪያት። ወደፊት ብለምንሽም፣ ብታመምም፣ ሦስት ድመት አላምዷል ብሎ ሰው ቢመሰክርልኝም አትላኪያት። ሦስቱ የዳኑት ስለጮኹብኝ ነው። ዝም ያለችኝን ምን እንዳደረግኳት አይተሻል። ልጅቷ እንደናፈቀችኝ አልደብቅሽም፤ አንጀቴ ነው የሚላወሰው። ግን እኔ ቤት ገብታ በሁለተኛው ሳምንት ዝም ብትል፣ እኔ ያቺን ዝምታ መልሼ ልወዳት እችላለሁ። ያንን ነው የፈራሁት።

«ልጄ ጨዋ አይደለችም» ያልሽኝን ለማንበብ አምስት ወርና አንዲት ድመት ፈጀብኝ። አሁን አነበብኩት። እሰይ! እንኳን ጨዋ አልሆነች! እሰይ የኔ ልጅ፣ ጎበዝ!

ይቅር በይኝ ልልሽ ብዕሬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩ። ይቅርታ ብልሽ «ምንም አይደል አባዬ» ብለሽ በአንድ መስመር እንደምትመልሺልኝ አውቃለሁ። እሱን አልፈልገውም፤ እሱም ያው መድረቅ ነው። ከቻልሽ ተቆጥተሽ ጻፊልኝ። ስደቢኝ። የብርድ ልብሱን ቀን ጻፊልኝ፣ የድመቷን ቀን ጻፊልኝ፣ የእናትሽን ጻፊልኝ። «እርስዎ» አትበይኝ። አንተ ብለሽ ጻፊልኝ። መቀርቀሪያውን ነቅዬ ጥያለሁ፤ ፖስተኛው ገፋ አድርጎ ይገባል። ቁም ሣጥኑንም አስወጥቼዋለሁ። ግድግዳውን ግን አላስቀባሁትም፤ አልጋዬን ከፊት ለፊቱ አዙሬዋለሁ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ራስ ምታትሽን ያንሳልሽ። ባልሽን በደግነቱ ያቆይልሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ ድምጿን ከፍ ያድርግላት። ቤትሽን ጸጥ አያድርግብሽ።

አባትሽ